አስቸኳይ፦ ካንጋል ውሻዬ ሆዱ ተነፍቷል፤ የመርዝ ማርከሻ የምታውቁ እባካችሁ

የደንበጫው፦
ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ዳሞት ከሰዓት በኋላ ድንገት ሆዱ ተነፋ። አንገቱን ዘርግቶ ሊያስመልስ ይታገላል፤ ከለሃጭ በቀር የሚወጣ የለም። ይተኛና ወዲያው ይነሣል፤ ሲራመድ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ጎረቤታችን በእሱ ላይ ቂም አለው፤ መርዝ አብልቶብኝ ነው። ወተት ልስጠው ወይስ ዘይት?

እናት ጓዳ (ቢቸና)፦
ወተት ነው ልጄ። ሞቅ አድርገህ አንድ ሊትር ጋተው። የእኛን ውሻ ያተረፍነው በወተት ነው።

ሰባት ዋርካ፦
ካንጋል ካልህ መጀመሪያ የያዝኸውን ዕወቅ። ዘሩ ስሙን ያገኘው በቱርክ ሲቫስ ግዛት ካለው የካንጋል ወረዳ ነው። ገላው የስንዴ ነዶ ይመስላል፤ ፊቱና ጆሮው ጥቁር ነው። እረኞቹ ተኩላ ጉሮሮውን እንዳይዘው ሹል ብረት የተተከለበት ማነቂያ ያስሩለታል። በግ እየነዳ የሚያግድ ውሻ አይደለም፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከመንጋው ጋር ያድጋል፣ ከመንጋው ጋር ያድራል፣ አውሬ ሲመጣ መካከል ገብቶ ይቆማል። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካንጋልና የአናቶሊያ እረኛ ውሾችን ለገበሬዎች ሲሰጥ ቆይቷል፤ ፍየሉ ከተጠበቀለት ገበሬው አቦሸማኔውን የሚገድልበት ምክንያት አይኖረውም። ታዲያ ወንዱ ከ50 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሰው እንደ ሰንጋ ሊቀልበው ይነሣል። ይህ ስሕተት ነው። ቡችላውን በጥድፊያ ማወፈርና ካልሲየም መደራረብ አጥንቱንና መገጣጠሚያውን ያበላሻል።

የማቻክል ልጅ፦
ጋሼ፣ ታሪኩን ለነገ ያቆዩልን፤ ውሻው እየተሠቃየ ነው። ደንበጫው፣ ነገ ኅዳር ሚካኤል አይደለም? ቤታችሁ ዝክር ካለ ዳሞት ጠላውን ቀድሞ ቀምሶላችሁ እንዳይሆን! እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል ብለሃል እኮ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ (ፍኖተ ሰላም)፦
ወተትም ዘይትም በአፉ አትጨምር፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። መርዝ የሚለው ሐሳብህም አልተዋጠልኝም። ለባዘኑ ውሾች የሚጣለው ስትሪክኒን ሆድ አይነፋም፤ እግርና አንገትን እንደ እንጨት ያገትራል፣ ትንሽ ድምፅ ሲሰማ ያንዘፈዝፋል። አንተ የነገርኸን የጨጓራ መነፋት ነው፤ ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾችን ይይዛል። ጨጓራው በጋዝ ሲሞላ ሊዞር ይችላል። ከዞረ መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይታገዳል፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ከንፈሩን ገልጠህ ድዱን በጣትህ ተጭነህ ልቀቀው፤ ቀለሙ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ይመለሳል? ከጎድኑ በስተኋላ መታ መታ ስታደርገው እንደ ከበሮ ይጮኻል? መጨረሻ የበላውስ ምንድን ነው?

የደንበጫው፦
ድዱ ነጥቷል፤ ቀለሙ ቶሎ አይመለስም። ሆዱ እንደ ከበሮ ነው። ጠዋት ከበጎቹ ጋር ነበርና ምንም አልበላም ብዬ ነበር። አሁን እናቴን ስጠይቃት ጓዳ ገብታ አየች። ለድፎ ዳቦ የተቦካው የስንዴ ሊጥ ክዳኑ ወድቋል፣ ከቡሃቃው ግማሹ የለም፣ ጠርዙ ላይ የዳሞት ጠጉር ተጣብቋል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦
ይኸው ነው። ሊጡ በሆዱ ሙቀት መቡካቱን ይቀጥላል፤ እርሾው ጋዝም አልኮልም ያወጣል። የማቻክሉ ወንድማችን በቀልድ የተናገረው እውነት ሆነ፤ መንገዳገዱ ከስካር ነው። አሁኑኑ መኪና ፈልግ። ሐኪሙ ጋዙን በቱቦ ወይም በመርፌ ያስወጣል፣ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ ጨጓራው ከዞረ ቀዶ ሕክምና ግድ ነው። እንዲዘጋጁ አስቀድመህ ደውል።

በሬ ጠማጅ፦
የምን መኪና ነው? በሬ ሲነፋ ግራ ሽንጡን በስተን እናስተነፍስ የለም እንዴ? በስል ቢላ ውጋው፣ ይገላገላል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦
በፍጹም እንዳታደርገው! የበሬ ትልቁ ጨጓራ ከግራ ሽንጡ ጋር ተጠግቶ የተቀመጠ ነው። የውሻ እንደዚያ አይደለም፤ ጨጓራው ሲዞር ጣፊያውም አብሮ ይዞራልና እሱን ትወጋዋለህ።

እናት ጓዳ፦
ወተቱን ሰጠኸው ልጄ? ትኩስ አይሁን፣ ለብ ያለ ይሁን።

የማቻክል ልጅ፦
እማማ፣ ወተቱ ይቅር፤ በአፉ ምንም አይግባ ተብሏል። ደንበጫው፣ እኔ አማኑኤል ነኝ፣ የጭነት መኪና አለኝ። መጥቼ ወደ ደብረ ማርቆስ አደርሳችኋለሁ። ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦
እግዚአብሔር ይስጥህ። ዳሞትን አታስሩጡት፤ ጋቢ ላይ አስተኝታችሁ ሁለት ሆናችሁ አንሡት። የሚያምመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና ፊታችሁን አርቁ። አፉን ግን አትሰሩት፤ ለማስመለስ እየታገለ ነው።

የደንበጫው፦
ጭነነዋል። እናቴ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። በጎቹ በረት ውስጥ እየጮሁ ነው፤ ያለ እሱ አድረው አያውቁም። የጎረቤቱን ነገር በችኮላ ነው የጻፍሁት፣ ይቅር በሉኝ።

ሰባት ዋርካ፦
አስቀድሜ ይህን ማለት ነበረብኝ። ቀዶ ሕክምና ከሆነ ጨጓራውን ከሆዱ ግድግዳ ጋር እንዲሰፉለት ጠይቅ፤ ዳግመኛ እንዳይዞር ይይዘዋል። ከዳነ በኋላ ምግቡን በቀን ሁለት ጊዜ ከፋፍለህ ስጠው፣ እንደ በላም ከበጎቹ ጋር አታሩጠው።

የማቻክል ልጅ (በማግሥቱ)፦
ማታ ከሐኪሙ ዘንድ አድርሻቸው ተመለስሁ። ቱቦው ሲገባ ጋዙ ፉጨት እያሰማ ወጣ፣ ክፍሉ በሙሉ እርሾ እርሾ ሸተተ። ሆዱ ጎደል አለ፤ ዓይኑን ገልጦ እናትየዋን ፈለጋት። ወደ ቀዶ ሕክምና ሲያስገቡት ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ብደውል ስልኩ አይነሣም።

እናት ጓዳ፦
ልጄ፣ ዳሞት እንዴት አደረ?