ውሻ የዘረገፈው የአሻንጉሊት ጥጥ እንዴት ይጸዳል?

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ውሻችን የጨርቅ አሻንጉሊት በተሰጠው ቁጥር ሆዱን ዘርግፎ ጥጡን ሣሩ ላይ ስለሚበትነውና ነፋሱም ወደ ጎረቤት ስለሚያሻግረው፣ በመጥረጊያ መሰብሰብ አልተቻለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው እውነተኛ ጥጥ ሳይሆን ፖሊስተር (ሰው ሠራሽ ጭረት) ስለሆነ አይበሰብስም፤ ከፍግ ጋር አይቀላቅሉት። ጥቂት ውኃ ይርጩበትና የላስቲክ ጓንት አጥልቀው በመዳፍዎ ሲያሹት ተጠቅልሎ ይነሣል፤ ምንጣፍ ላይም ይሠራል። (ጎረቤትዎ ዶሮ ካላቸው ግን ሳይውል ሳያድር ይልቀሙት።)

ሌላ መልስ፦ ከጽዳቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ አሻንጉሊቱ ውስጥ ያለው፣ ሲጫኑት ሲጢጥ የሚለው ፕላስቲክ ነው። ከቁርጥራጩ መካከል ካላገኙት ውሻው ውጦት አንጀቱን ሊዘጋበት ስለሚችል፣ ካስመለሰው ወይም ምግብ እምቢ ካለ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

ሦስተኛ መልስ፦ አሻንጉሊቱን በሲሚንቶ በረንዳ ላይ ብቻ፣ እርስዎ ባሉበት ይስጡት።