ሴንተሪንግ ፕሬየር፦ ጸሎት ነው ወይስ ሜዲቴሽን?

ጠያቂዋ (ከማሳቹሴትስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኛል። አብራኝ የምትሠራ ካቶሊክ ነርስ ሐሙስ ማታ ወደሚጸልዩበት ቡድን ጋበዘችኝ። ሴንተሪንግ ፕሬየር ይሉታል። ዓይን ጨፍኖ 20 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። መዝሙር የለም፣ ልመና የለም። አንድ አጭር ቃል ትመርጫለሽ፤ ሐሳብ ይዞሽ ሲሄድ በዚያ ቃል ትመለሻለሽ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ዳዊት መድገም እንኳ አቅቶኛል፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደዚያ ሄዷል። ይህ ጸሎት ነው ትላላችሁ?

ወንጌላዊው፦
እህቴ፣ ይቅርብሽ። ጌታ በማቴዎስ 6፥7 "በከንቱ አትድገሙ" ብሏል። አንድ ቃል መደጋገም የሂንዱዎች ማንትራ፣ ለሜዲቴሽን ደጋግመው የሚሉት ቃል ነው። ቫቲካን ራሷ አውግዛዋለች።

ካቶሊኳ፦
ወንድሜ፣ አላወገዘችም። እ.ኤ.አ. በ1989 የቫቲካን የእምነት ትምህርት ኃላፊ የነበሩት ካርዲናል ራትዚንገር (በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛ) የፈረሙበት ደብዳቤ ወጥቷል። ስለ ዮጋ፣ ስለ ዜን (የቡድሂስቶች ተመስጦ)፣ በማንትራ ስለሚደረገው ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን ያነሳል። ሴንተሪንግ ፕሬየር የሚል ስም ግን የለበትም። የሚያስጠነቅቀው የሰውነት መዝናናትን ከመንፈስ ቅዱስ መጽናናት ጋር እንዳናምታታ ነው። ልክ ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ።

ደግሞ ቃሉ አይደጋገምም። ሐሳብ ሲወስድሽ ብቻ ቀስ ብለሽ ታነሺዋለሽ። ጀማሪዎቹም እዚያው አንቺ ያለሽበት ግዛት፣ ስፔንሰር ከተማ ያሉ የትራፒስት (ጥብቅ የካቶሊክ ገዳማዊ ሥርዓት) መነኮሳት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 አባ ዊልያም ሜኒንገር "የአለማወቅ ደመና" የተባለውን የ14ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ መጽሐፍ አገኙና ለሱባኤተኞች ያስተምሩበት ጀመር። አበምኔቱ አባ ቶማስ ኪቲንግና አባ ባሲል ፔኒንግተን አስፋፉት። ወጣቶች ዝምታ ፍለጋ ወደ ዜንና ወደ ሂንዱ መምህራን ሲሄዱ አይተው "የራሳችን ጓዳ ውስጥም እኮ አለ" ማለታቸው ነው።

ዲያቆኑ፦
መደጋገሙ እኔን አያስደነግጠኝም። እኛም በመቁጠሪያ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" 41 ጊዜ እንላለን። ነገር ግን እኛ የምንጠራው ስም አለ፤ የምንለምነው ምሕረት አለ። ቃሉ ማንንም የማይጠራ ከሆነ የምትጸልየው ለማን ነው?

ወንጌላዊው፦
በዚህ እስማማለሁ። በኢያሪኮ መንገድ ዳር የነበረው ዕውር "ማረኝ" እያለ ደጋግሞ ጮኋል። እሱ ግን የሚጠራውን ያውቅ ነበር።

የመጻሕፍተ መነኮሳት አንባቢው፦
"የአለማወቅ ደመና"ን አንብቤዋለሁ፤ እወደዋለሁም። ስለዚህ ትንሽ ልርዘም።

የጸሐፊው ስም አይታወቅም። ገና ሲጀምር መጽሐፉን ለወሬኛና ለጉጉተኛ እንዳትሰጡ ብሎ ያስምላል። የሚጽፈው ክርስቶስን በፍጹም ልቡ ለመከተል ለቆረጠ ሰው ነው። መጀመሪያ ንስሐ ግባ ይላል። ንባብ፣ ማሰላሰልና ጸሎት እንዳይቀሩ ይላል። አጭሩም ቃል ሐሳብ ማረጋጊያ ብቻ አይደለም። "እግዚአብሔር" ወይም "ፍቅር" የሚል ቃል ይዘህ በአንተና በእግዚአብሔር መካከል ያለውን የአለማወቅ ደመና ምታው፣ በናፍቆት ፍቅር ውጋው ነው የሚለው። ቤቱ ሲቃጠል "እሳት!" ብሎ የሚጮህ ሰውን ምሳሌ ያደርጋል። ይህ እንግዲህ ከወንበር ላይ መዝናናት ጋር ምን አገናኘው?

እኛም ዘንድ የሶርያው መነኩሴ ማር ይስሐቅ አለ። ከንጹሕ ጸሎት ወዲያ ጸሎት ራሱ ቆሞ መደነቅ ብቻ የሚቀርበት ደረጃ እንዳለ ያስተምራል። እዚያ የሚደርስ ግን በአንድ ትውልድ አንድ ሰው እንኳ በጭንቅ ነው ይላል። እና ዝምታው የእኛም ነው፤ ባዕድ አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ ያለ ጾም፣ ያለ ንስሐ፣ ያለ አባት፣ በ20 ደቂቃ ሰዓት ተቆጥሮ ሲታደል ነው። ተመስጦ ይሰጣል እንጂ አይሠለጥኑበትም።

ካቶሊኳ፦
ይቅርታ፣ አባ ኪቲንግም ተመስጦ ስጦታ እንደሆነ ነው ያስተማሩት። ሴንተሪንግ ፕሬየር ለስጦታው ልብን ማዘጋጃ ነው ይላሉ። ቃሉም "ጌታ ሆይ፣ እሺ" የማለት ምልክት ነው፤ ዲያቆን፣ ለማን እንደሆነማ ይታወቃል። ግን ስለ እሳቱ ያልከው ነክቶኛል። በአንዳንድ ቡድን ጭንቀት ማቅለያ ብቻ ሆኖ ሲቀርብ አይቻለሁ። ያ ያሳዝነኛል።

ጠያቂዋ፦
እኔን እኮ የጠራኝ ጭንቀቱ ነው። ማታ ሁለት ሰው እጄ ላይ ሞቶ ጠዋት ምን ብዬ ልጸልይ? ቃል የለኝም።

ዲያቆኑ፦
እህቴ፣ ይህን ብታስቀድሚ ኖሮ እንደዚያ አልከራከርም ነበር። መኪናሽ ውስጥ ቁጭ ብለሽ "እግዚኦ" ብቻ በይ። አንድ ጊዜም ቢሆን። ሐሙስን በተመለከተ ግን ለንስሐ አባትሽ ሳትነግሪ አትሂጂ፤ በዚህ አልለወጥም።

ካቶሊኳ፦
እኔ ደግሞ ንገሪያቸውና ሂጂ እላለሁ።

ጠያቂዋ፦
ነገ ከፈረቃ ስወጣ እደውልላቸዋለሁ። የሚሉኝን እዚሁ እጽፋለሁ።