ጥቆማ፦ ለጃፓን ሰይፍ ጭራ የትኛው ዘይት ይሻላል?

ሜሪላንዱ፦
ሰላም ወገኖች። አንድ ጎረቤታችን አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1945 ከጃፓን ይዘውት የመጡትን ሰይፍ ሸጡልኝ። የቀርከሃ ችንካሩን ገፍቼ እጀታውን ሳወልቀው፣ እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራ (ናካጎ ይሉታል) ጠቁሯል። ቀዳዳው አጠገብ ግን በጣት ሲነካ ብርቱካንማ ዱቄት የሚለቅ ዝገት አለ። ፊርማ የሚመስል ጽሑፍም አለበት። ቾጂ ዘይት፣ የጠመንጃ ዘይት ወይስ ሬኔሳንስ ዋክስ (ሙዚየሞች ለብረት የሚቀቡት ሰም)? እዚህ ሰመር ላይ እርጥበቱ አይጣል ነው።

የጋራዥ ልጅ፦
ደብሊውዲ 40 ንፋበት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ አለቀ። የመኪና ዕቃ እንደዚያ ነው የማጸዳው።

ብረት ወዳድ፦
ኧረ በፈጠረህ እንዳትነካው! ጥቁሩ ዝገት ቆሻሻ አይደለም፣ የሰይፉ የልደት ወረቀት ነው። ቶኪዮ ያለው የሰይፍ ጥበቃ ማኅበር (ኤንቢቲኤችኬ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው) የምስክር ወረቀት ከመስጠቱ በፊት የጭራውን ቀለም፣ የሞረዱን ፈለግና ፊርማውን ያያል። የጃፓን ሰይፍ ሳዮች እንኳ ስለቱን ሲስሉ ጭራውን እንዳለ ይተዉታል።

ሰናይት ዲሲ፦
የኔን ስሙ። ባለቤቴ ከአባቱ የወረሰውን ሰይፍ አንድ ቢላዋ የሚስል ሱቅ ወሰድኩት። ሰውዬው «ላጽዳልሽ» አለኝ፣ እሺ አልኩ። ጭራውን አቼቶ ውስጥ አሳድሮ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያብረቀርቅ ነገር መለሰልኝ። ከአምስቱ ፊደላት የቀሩት ሁለት ናቸው። ባለቤቴ እጀታውን አውልቆ ሲያይ ምንም አልተናገረም፣ ብቻ መልሶ ሰገባው ውስጥ ከተተው። እስከ ዛሬ አላወጣውም።

ቦሌ ልጅ፦
የሱቁን ስም ንገሪን እንጂ እህቴ!

ሰናይት ዲሲ፦
ስም አልጠራም። ሰውዬው ለክፋት አላደረገውም።

አሌክሳንድሪያ፦
የኔ ባለሙያ እንዲህ አያደርግም። 12 ዓመት ቢላዬን ስሎልኛል፣ እጁ ወርቅ ነው። ለሱ ስጠው።

ቦሌ ልጅ፦
ሽንኩርት መክተፊያ ስለሳለ የሰይፍ ሊቅ ሆነ ማለት ነው? ለመሆኑ ሰይፍ ነክቶ ያውቃል?

አሌክሳንድሪያ፦
ብረት ብረት ነው። እኔ ሰውዬውን አውቀዋለሁ።

ደብረ ብርሃን፦
ይቅርታ፣ የአያቴ ጎራዴ ከሰገባው አልወጣ ብሏል። ኑግ ዘይት ባንጠባጥብበት?

ብረት ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ኑግም ተልባም ሲቆይ ሙጫ ይሆናል፣ ይብስብሃል። በግድ አትሳበው፣ ሰገባ ሠሪ ይየው።

ለሜሪላንዱ፦ ቾጂ የሚሉት በአብዛኛው ቀጭን የማዕድን ዘይት ሆኖ ትንሽ የቅርንፉድ ዘይት የገባበት ነው። ሽታው ደስ ይላል፣ ሥራው ግን ከንጹሕ የስፌት ማሽን ዘይት ብዙም አይለይም። ዋክሱን ለጭራ አልመርጠውም፤ ብርቱካንማው ዝገት ሳይቆም ከደፈንከው ከሥር ሊቀጥል ይችላል።

የጥጥ ጓንት አድርግ፤ የእጅ ላብ ጨው አለበት። አንድ ጠብታ በንጹሕ ጨርቅ ቀብተህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ጣትህ ላይ ወዝ እስኪጠፋ ድረስ። ከበዛ የእጀታው እንጨት ይጠጣዋል፣ አቧራም ይይዛል። ብርቱካንማው ላይ ብቻ ዘይቱን አሳድርና በማግስቱ በለስላሳ ጨርቅ ተጫነው፣ አትፈትገው። ለሳምንታት ደጋግመው። ሽቦ፣ አቼቶና ብርጭቆ ወረቀት ዝር እንዳይሉበት።

ሰናይት ዲሲ፦
ይህን ያኔ ባነበብኩት ኖሮ።

ሜሪላንዱ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሌላኛው ገጽ ደግሞ ቀን የሚመስል ጽሑፍ አየሁ። የሚያነብልኝ አለ?

አሌክሳንድሪያ፦
የኔ ሰውዬ ያነብልሃል።

ብረት ወዳድ፦
መብራቱን ከጎን አድርገህ ፎቶ አንሳና ለጥፈው፣ ጥልቀት የሌላቸው ፊደላት የሚታዩት እንደዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ሾዋ» (የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ዘመን ስም) ከሆኑ፣ እ.ኤ.አ. 1926ን አንድ ብለህ ቁጠር፤ ሾዋ 17 ማለት 1942 ነው።