በኦንላይን የምወስደው የሳይበር ሴኩሪቲ መግቢያ ኮርስ ኮሌጅ ስገባ ክሬዲቱ ይያዝልኛል?

የአራት ኪሎ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በኦንላይን ወደሚያስተምር አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት እያሰብኩ ነው። ከዚያ በፊት የጎግልን የሳይበር ሴኩሪቲ ሰርተፍኬት ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጽ ብጨርስ ክሬዲቱ ይያዝልኛል? ገጹ ላይ «ኤሲኢ» የሚል ነገር አይቻለሁ። ሐሳቤን ቀይሬ እዚሁ አዲስ አበባ ብማርስ? ኔት የምጠቀመው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው።

ሬጅስትራር
እህቴ፣ ኤሲኢ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ነው። ኮርሱን መርምሮ «ይህን ያህል ክሬዲት ይገባዋል» ብሎ ይመክራል እንጂ ክሬዲት አይሰጥም። ሰጪው የምትገቢበት ኮሌጅ ነው፤ ሊቀበል፣ ሊቀንስ፣ ጭራሽ ሊተወውም ይችላል። ስለዚህ አንድ ብር ከመክፈልሽ በፊት ለኮሌጁ ሬጅስትራር ኢሜይል ጻፊ። «ትቀበላላችሁ?» ብቻ ብለሽ ግን አትጠይቂ። «አዎ» ይሉሽና በኋላ ለዲግሪሽ በማይጠቅም የምርጫ ኮርስ ይመዘግቡታል። ጥያቄሽ እንዲህ ይሁን፦ በየትኛው የኮርስ ኮድ ይያዛል? ከሜጀር ነው ወይስ ከምርጫ ኮርስ የሚቆጠረው? ስንት ክሬዲት? ከውጭ የሚመጣ ክሬዲት ጣሪያው ስንት ነው? መልሱን አትሰርዢው፤ ምዝገባ ላይ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲልሽ የምታሳዪው እሱን ነው።

ሊኑክስ ወዳጅ
እኔ ደግሞ ስም ላይ ተጠንቀቂ እላለሁ። ኮርሴራ ላይ ስምሽን ስትሞዪ ፓስፖርትሽ ላይ ባለው ፊደልና ቅደም ተከተል ይሁን፤ የራስሽ፣ የአባት፣ የአያት። «ፀ» አንዱ ሰነድ ላይ በቲ እና ኤስ፣ ሌላው ላይ በኤስ ብቻ ከተጻፈ ሰነዶቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን አስረጂ ይሉሻል።

ሳትከፍዪ በነፃ የሚታየውን ብቻ ከተማርሽ ሰርተፍኬት የለም፤ ያለ ሰርተፍኬት ደግሞ ክሬዲት የለም። ክፍያው ከከበደሽ እዚያው የፋይናንሻል ኤይድ (የክፍያ ድጋፍ) ማመልከቻ አለ፤ መልሱ ሁለት ሳምንት ያህል ሊፈጅ ስለሚችል ቀድመሽ ሙይ። ኮርሶቹን ሁሉ ስትጨርሺ በተመዘገብሽበት ኢሜይል የክሬድሊ (ዲጂታል ማስረጃ የሚያወጣ ድረ ገጽ) ባጅ ይመጣል። ባጁን ተቀብለሽ ካልወሰድሽው ትራንስክሪፕት መጠየቅ አትችዪም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቆመው፣ ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ስለሚገባ። ትራንስክሪፕቱ ከክሬድሊ በቀጥታ ለኮሌጁ ይላክ። ራስሽ አውርደሽ የምትልኪውን ፒዲኤፍ ብዙ ኮሌጆች አይቆጥሩትም።

ከትምህርቱ ውስጥ የሚያደክመው ሊኑክስ (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) እና ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ያሉበት ኮርስ፣ ከዚያም የፓይተን ፕሮግራሚንጉ ነው። ለእነሱ ጊዜ አትንሺ።

ሲለበስ
እዚህ አገር ለመማር ከወሰንሽ ሰርተፍኬት ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ወሳኙ የትምህርት ክፍሉ ነው፤ የሚያየውም ኮርሱ ከራሱ ኮርስ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ነው። ሳምንታዊ ርዕሶቹን፣ የላብ ሥራውን፣ የምዘና ዓይነቱንና ጠቅላላ ሰዓቱን በአንድ ወረቀት አዘጋጂ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 1 የአሜሪካ ክሬዲት በግምት 45 የሥራ ሰዓት፣ 1 ኢሲቲኤስ (እዚህም የሚሠራበት የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ) ከ25 እስከ 30 ሰዓት። ስለዚህ 3 ክሬዲት ወደ 135 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 5 ኢሲቲኤስ ይጠጋል። 3ቱን ክሬዲት 3 ኢሲቲኤስ ብለሽ ካቀረብሽ ራስሽን ጎዳሽ።

የአራት ኪሎ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ኮሌጁ «ሰርተፍኬቱን አንቀበልም፣ የኮምፕቲያ ሴኩሪቲ ፕላስን ግን እንቀበላለን» ቢለኝስ? በፈተና የሚገኝ የሳይበር ሴኩሪቲ የሙያ ማረጋገጫ ነው። ፈተናውን አብርሆት ቁጭ ብዬ ብወስደው?

ሊኑክስ ወዳጅ
አይሆንም። በኦንላይን ሲወሰድ ብቻሽን የምትሆኚበት ዝግ ክፍል ያስፈልጋል፤ ሰው ካለፈ ወይም ድምፅ ከተሰማ ሊያቋርጡት ይችላሉ። የንባብ አዳራሽ ለጥናት እንጂ ለዚህ አይሆንም። ፈተናው ቢበዛ 90 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ፣ ማለፊያው ከ900 750 ነው። ቤት ከወሰድሽው ላፕቶፑን ቻርጅ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፤ ለሞደሙ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ፈልጊ። ሰዓቱንም አስተውዪ፦ ቀጠሮው ከቀትር በኋላ 2:00 ካለ በእኛ 8 ሰዓት ነው። የማታ 2 ሰዓት ብለሽ ከያዝሽው ፈተናው አመለጠሽ፣ ክፍያውም አብሮ ሄደ።

የአራት ኪሎ ልጅ
የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጂፒኤዬን ያነሳልኛል?

ሬጅስትራር
አያነሳም። እንዲህ ያለ ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ግሬድ ነው የሚመዘገበው። ከምትወስጃቸው ኮርሶች ይቀንስልሻል፤ ጂፒኤሽ ውስጥ ግን አይገባም።