ባዶ ኮንቴይነሩን ወደ ወደብ የመመለሻውን ወጪ የት ላስገባው?

ድሬዳዋ ነው የምማረው፤ ሎጂስቲክስ፣ 3ኛ ዓመት። የትራንስፖርት ማኔጅመንት አሳይንመንቴ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከጅቡቲ ወደብ እዚህ መጋዘን ድረስ በባቡርና በከባድ መኪና ሲመጣ የሚያስወጣውን ማወዳደር ነው። ጭነቱ 18 ቶን ሴራሚክ ነው።

መጀመሪያ ከወደብ እስከ ባቡር ጣቢያ ብቻ አሰላሁ። ባቡሩ በሰፊው ረከሰ። መምህሬ ወረቀቱን አዩና «ባዶውን ማን ይመልሰዋል?» አሉኝ። ከጣቢያ እስከ መጋዘን የሚያደርሰውን መኪና፣ የክሬኑንና የባዶውን መልስ ስጨምር ባቡሩ ተወደደ።

ሳቢያን ሰፈር ሻይ ቤት ያገኘሁትን የተሳቢ ሾፌር ጠየቅኩት። «አቦ፣ እኛ ስንዋዋል የመልሱ ሂሳብ እዛው ዋጋው ውስጥ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። ልክ ነው፤ ወደ አገር የሚገባው ጭነት ከሚወጣው በጣም ስለሚበልጥ ብዙው ባዶውን ነው የሚመለሰው። ግን ኮንቴይነሩ አንዳንዴ ቡና ጭኖ ወደ ወደብ ይወርዳል። ያኔ የመልሱን ቡናውን የሚልከው ይከፍላል። ኤክሴሉ ላይ ያቺን የመልስ ረድፍ በነካኋት ቁጥር አሸናፊው ይቀየራል። ሁለት ሌሊት እንዲሁ አለፈ።

ይህን ሥራ የምታውቁ፣ የባዶውን መልስ ሙሉ በሙሉ ባቡሩ ላይ ልጫነው ወይስ ከ10 ጉዞ ስንቱ ባዶ እንደሚመለስ ገምቼ ድርሻውን ብቻ ላስገባ?