እጁን የለቀቅኩበት ሌሊት

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 1998 የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት ሲመጣብን 11 ዓመቴ ነበር። የታናሽ ወንድሜን እጅ ይዤ ነበር። ለቀቅኩት። ጠዋት አሸዋው ውስጥ አንድ እግር ቢጫ ሲሊፐሩን አገኘን። እናቴ እስከ ዛሬ በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቤተ ክርስቲያን መሳሙን አልተውኩም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢም እሄዳለሁ፤ ግን ሁልጊዜ የምሳለው ለሌላ ጉዳይ ነው። ዘንድሮ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጅ ነበርክ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ሕመሙን ግን ለራሱ ለእግዚአብሔር ንገረው» አሉኝ። መዝሙረ ዳዊት 68ን ማታ ማታ እንድጸልይም ሰጡኝ። ውኃ እስከ ነፍሴ ደረሰ ብሎ የሚጮኸው መዝሙር ነው።

ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። ገና ከመጀመሪያው መስመር ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዳዊቱን እከድናለሁ። ከዚያ እንቅልፍ የለም። ዝናብ በጣለ ማታማ ጭራሽ አልከፍተውም። ወደ ቀድሞው ዝምታዬ መመለስ ግን አልፈልግም።

እንደኔ ያለ ቁስል ይዛችሁ እግዚአብሔር ፊት የቆማችሁ፣ ቃል ከአፋችሁ አልወጣ ሲል መጸለይ የጀመራችሁት እንዴት ነው?