ክርክር፦ ከቆሻሻ ገንዳ ያወጣ ሰው የፎቶው ባለቤት ነው?

የጎተንበርግ ልጅ፦ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ የስዊድኑን መኪና ሠሪ የሳብን ኔጋቲቮች (የፎቶ ፊልሞች) አንድ በአንድ የሚቸበችብ ሰው አገኘሁ። ካርቶን ሙሉ ነው። በየፖስታው ላይ ቀንና ቁጥር በእርሳስ ተጽፏል። ሰውየው ግን ፊልሙን መዝዞ ያወጣና ፖስታውን ይጥለዋል! ለምን ስለው «ከገንዳ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ የኔ ናቸው» አለኝ። እስካሁን ደሜ እየፈላ ነው። ሳብ አውቶሞቢል በፈረንጆች ዲሴምበር 2011 ከሰረ። ታሪኩም አብሮ ይበተን?

ሜካኒኩ፦ ታዲያ ምን አጠፋ? እሱ ባያነሳቸው ዛሬ አመድ ነበሩ። ከገንዳ ያወጣ የሱ ነው። ያኔ እናንተ የት ነበራችሁ?

የማህደር ሰው፦ «ከገንዳ ያወጣ የሱ ነው» የሚባል ሕግ የለም። ፊልሙን መያዝና በፎቶው ላይ መብት ማግኘት ለየቅል ናቸው። በስዊድን ሕግ ተራ ፎቶ ከተነሳ 50 ዓመት ካለፈው ማንም ይጠቀምበታል። የጥበብ ሥራ ከተባለ ደግሞ አንሺው ከሞተም በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል። ገንዳው ለማንም መብት አይሰጥም።

ሜካኒኩ፦ ሕጉ ካርቶኑን ከዝናብ አዳነው? እሱን ንገረኝ።

የማህደር ሰው፦ ማዳኑን ማን ጠላ? የምቃወመው ፖስታውን መጣሉን ነው። የትኛው መኪና እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ የሚነግርህ ያ ቁጥር ነው። እሱ ከጠፋ በእጅህ የቀረው «አንድ አሮጌ መኪና» ብቻ ነው። ፊልሙ ራሱም ጊዜ አይሰጥም። አሲቴት የሚባለው የፊልም ፕላስቲክ ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይሸበሸባል፣ አጠገቡ ያለውንም ይበክላል። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ምድር ቤት ውስጥ በካርቶን ታጭቆ አይሆንም።

አባ ሞተር፦ ልጆቼ፣ የሳብ መኪና ሙዚየሙም ለጥቂት ነው የተረፈው። ጃንዋሪ 2012 ላይ የኪሳራ አስተዳዳሪዎቹ ከመቶ በላይ መኪና ለሽያጭ አወጡ። የትሮልሄታን ከተማ፣ አውሮፕላን ሠሪው ሳብና የባለሀብቶቹ የዋለንበርግ ቤተሰብ አንድ ፋውንዴሽን ተባብረው ስብስቡን በ28 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር ገዙት። ኡርሳብ የሚባለው የመጀመሪያው የሳብ ናሙና መኪና ዛሬም እዚያው ቆሟል። ከልብ ከተፈለገ ይቻላል።

ሜካኒኩ፦ አባ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ ያሉት ገንዘብ የወጣው ለመኪና ነው። ለካርቶን ማን ዋጋ ሰጠ?

ቢሾፍቱ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከ1947 ጀምሮ የሳብ ቢ17 አውሮፕላኖች ለኢትዮጵያ አየር ኃይል ተገዝተዋል። ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አየር ኃይላችንን ቢሾፍቱ ላይ በሚያደራጅበት ጊዜ። ሳፊር የሚባሉት የሳብ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖችም አሉ። እዚያ ካርቶን ውስጥ የኛ ሰዎች ቢኖሩስ?

የጎተንበርግ ልጅ፦ ወንድሜ፣ እሱ የአውሮፕላኑ ነው። አውሮፕላን ሠሪው ሳብ ዛሬም አለ። የከሰረው መኪና ሠሪው ነው። የአሜሪካው ጂኤም መኪና ሠሪውን በ1990 ግማሹን፣ በ2000 ሙሉውን ያዘ፤ በ2010 ለሆላንዱ መኪና ሠሪ ለስፓይከር ሸጠው። አትቀላቅል።

ቢሾፍቱ፦ ምኑን ቀላቀልኩ? ኡርሳብን የሠሩት የአውሮፕላን መሐንዲሶች አይደሉም እንዴ? መኪናው ለጋዜጠኞች የታየውም በዚያው በ1947 ነው። ያኔ መኪናውም አውሮፕላኑም አንድ ቤት ነበሩ። ፎቶዎቹ ያኔውኑ ተለይተው እንደተቀመጡ በምን አወቅህ?

የጎተንበርግ ልጅ፦ ያየሁት መኪና ነው። ክንፍ ያለው ነገር አላየሁም።

ቢሾፍቱ፦ ሙሉውን ካርቶን አይተሃል?

የማህደር ሰው፦ ልክ ብሏል። ሳይበተን መታየት ያለበት ለዚህ ነው። አንድ ሰው ሦስት ፊልም፣ ሌላው አምስት ይዞ ከሄደ ማንም መልሶ አይገጣጥመውም።

አባ ሞተር፦ የአሜሪካው መኪና ሠሪ ስቱድቤከር በ1966 መኪና መሥራት አቆመ። ማህደሩ ግን አሜሪካ፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ፣ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። የሚፈልግ ሄዶ ይጠይቃል። እኛም ያንን ነው ማለት ያለብን።

ሜካኒኩ፦ ሙዚየም ገባ ማለት ሕዝብ አየው ማለት አይደለም። መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ የሚቀር ስንት አለ። ከዚያ ይልቅ መኪናውን የሚወድ ሰው ገዝቶ ግድግዳው ላይ ቢሰቅለው እመርጣለሁ።

የማህደር ሰው፦ ኔጋቲቭ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም! ስካን ተደርጎ ለሁሉም ይለቀቅ፤ ያኔ ግድግዳህ ላይ የፈለግከውን ትሰቅላለህ።

ሜካኒኩ፦ የስካኑን ማን ይከፍላል? ሰውየው ቢያንስ የልፋቱን ያግኝ። ከገንዳ ያወጣ የሱ ነው ብያለሁ፣ አልመልሰውም።

የጎተንበርግ ልጅ፦ የልፋቱን ያግኝ፣ እሺ። ቅዳሜ ተመልሼ ካርቶኑን በሙሉ በስንት እንደሚሸጥ እጠይቀዋለሁ። ለሙዚየሙም እጽፋለሁ።

ሜካኒኩ፦ ጠይቀው። ግን ሌባ እያልክ እንዳትጀምር። ሰውየው ያዳነ ሰው ነው።

የማህደር ሰው፦ ያዳነ ሰው ፖስታውን ለምን ይጥላል?

ሜካኒኩ፦ አሁንም ፖስታ! እሱ በምን ይወቅ? የነገረው ሰው አለ?

የጎተንበርግ ልጅ፦ እኔ ነገርኩት እኮ። ሳቀብኝ።